ኳስ የሌለበት ጥግ

በፍልሰታ ጾም የመጀመሪያው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት ከልጄ ጋር ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነሥተን፣ በዩኒቨርሲቲ ቡልቫርድ ላንግሊ ፓርክን አቋርጠን፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የፉትቦል ቡድን ሲለማመድ ለማየት ወደ ኮሌጅ ፓርክ ሄድን። ቡድኑ አብዛኛውን ልምምዱን በሩን ዘግቶ ስለሚሠራ፣ ደጋፊ ገብቶ እንዲያይ የሚፈቀድባቸው ቀናት በዓመት ውስጥ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ ስለዚህ ልጄ ቀኑን እንደነገረችኝ የሥራ ፈረቃዬን ከባልደረባዬ ጋር ተቀያይሬ ጠበቅኋት። ፉትቦል ስል አሜሪካኖቹ በዚህ ስም የሚጠሩትን፣ ሄልሜት ተደፍቶ፣ ሞላላዋ ኳስ በእጅ ተይዛ የምትሮጥበትን ጨዋታ ማለቴ ነው። ልጄ ከዚሁ ዩኒቨርሲቲ በሰውነት እንቅስቃሴ ሳይንስ የተመረቀች ናት፤ ጨዋታውንም ደንቡን እያስረዳች ያስለመደችኝ እሷ ናት።

ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ሜዳው ዳር ስንደርስ ሙቀቱ ጠንክሮ ነበር። የዚህ አገር የነሐሴ ሙቀት የሚከብደው በፀሐዩ ብዛት ብቻ አይደለም፤ አየሩ ራሱ እርጥብ ስለሆነ ላብ ከሰውነት ላይ አይደርቅም፤ ቆሞ የሚያይ ሰው እንኳ ሸሚዙ ከጀርባው ጋር ይጣበቃል። ከእኛ ቀደም ብለው የደረሱ ጥቂት መቶ ደጋፊዎች በገመድ ከተከለለው መስመር ጀርባ ቆመዋል፤ አባቶች ትንንሽ ልጆቻቸውን ትከሻቸው ላይ አስቀምጠዋል፤ አዛውንት ጥንዶች የሚታጠፍ ወንበራቸውን ዘርግተው ጃንጥላ ይዘዋል። ልጄ የውሃ ኮዳዋን ወደ እኔ ዘረጋችና፣ መጾሜን ስታስታውስ መልሳ ከቦርሳዋ ከተተችው።

ያደግሁት ጃን ሜዳ አጠገብ ነው። ልጅ ሳለሁ ከትምህርት ቤት በፊት፣ ጉም ገና ከሣሩ ላይ ሳይነሣ፣ ሜዳውን እየዞሩ የሚሮጡ አትሌቶችን ከሰፈር ጓደኞቼ ጋር እየሄድኩ አይ ነበር። በዚያ ሰዓት የሚያጨበጭብ ሕዝብም ሆነ በሬዲዮ የሚያስተላልፍ ጋዜጠኛ የለም፤ የሚሰማው ትንፋሽና የእግር ኮቴ ነው። ከመካከላቸው የትኛው ነገ በውድድር እንደሚያሸንፍ ከእኛ ከልጆቹ ማንም አያውቅም፤ የትኛው ዙሩን ሳያሳጥር እንደሮጠ ግን ሁላችንም እናውቅ ነበር። አሜሪካ ከመጣሁ በኋላ ብዙ ጨዋታ አይቻለሁ፤ ስታዲየም ገብቻለሁ፤ በቴሌቪዥንም ቅዳሜን ሙሉ ተቀምጬ አሳልፌአለሁ። ልምምድ ቆሜ ሳይ ግን ከጃን ሜዳ ወዲህ ይህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ያ የልጅነት ዓይኔ ተመልሶ እንደመጣልኝም የተሰማኝ ገና በመጀመሪያው ሩብ ሰዓት ነው።

ጨዋታ የሚያይ ሰው ዓይኑን የሚመራው በኳሱ ነው። አጥቂው ቡድን በአራት ሙከራ ቢያንስ አሥር ያርድ መግፋት አለበት፤ ኳሱ ይነሣል፣ ማጥቃቱን የሚመራው ኳርተርባክ የሚባለው ተጫዋች ይቀበላል፣ ይወረውራል ወይም ለሯጩ ያቀብላል፣ የቴሌቪዥኑ ካሜራም ይከተለዋል፤ ተመልካቹም ከካሜራው ጋር አብሮ ይሄዳል። በልምምድ ሜዳ ላይ ግን አንድ ኳስ የለም። በአንዱ ጥግ ተቀባዮች እየተፈራረቁ ከማሽን የሚተኮስላቸውን ኳስ ይይዛሉ፤ በሌላው ጥግ ሯጮች ኳሳቸውን በክርናቸውና በደረታቸው መካከል አጣብቀው በሁለት ረድፍ ሰዎች መሐል ያልፋሉ፤ የቆሙትም ኳሱን ከእጃቸው ለማስጣል በቡጢ ይመቱታል። ከሁሉም ርቆ በሜዳው ጫፍ አንድ ልጅ አጎንብሶ፣ በእግሮቹ መካከል አሻግሮ፣ 15 ያርድ ወደ ኋላ ለቆመው ጓደኛው ኳስ ይወረውራል፤ ጓደኛውም ይመልስለታል፤ እሱም ደግሞ ያጎነብሳል። ሁለት ሰዓት በሚፈጅ ልምምድ ውስጥ ያ ልጅ ከዚያ ሌላ ሥራ ሲሠራ አላየሁትም። በየጥቂት ደቂቃው ትልቅ ጡሩምባ ይነፋል፤ ጡሩምባው እንደተነፋ ከመቶ በላይ የሚሆኑ ልጆች ከነበሩበት ጥግ ወደሚቀጥለው ጥግ በሩጫ ይዛወራሉ፤ በእግሩ የሚራመድ አንድም አይታይም። ከፍ ካለ ማማ ላይ የቆሙ ካሜራ ያዢዎች እያንዳንዱን እንቅስቃሴ ይቀርጻሉ፤ ልጄ እንደነገረችኝ ከምሳ በኋላ ተጫዋቾቹ በየክፍላቸው ተቀምጠው የጠዋቱን ልምምድ እርምጃ በእርምጃ ያዩታል።

ዓይንን የሚመራ አንድ ኳስ ሲጠፋ ሰው ማየት የሚፈልገውን ራሱ መምረጥ ግድ ይሆንበታል። አብዛኛው ደጋፊ ኳርተርባኮቹ ወደቆሙበት ሄደ፤ እነሱም ማንም እንዳይነካቸው ከሌሎቹ የተለየ ቀለም ያለው ማሊያ ስለለበሱ ከሩቅ ይታወቃሉ። እኔ ግን እግሬ የወሰደኝ ጭራሽ ኳስ ወደሌለበት ጥግ ነው።

እዚያ የሚለማመዱት በእንግሊዝኛው ላይንማን የሚባሉት፣ የአጥቂው ቡድን የፊት መስመር ሰዎች ናቸው። በጨዋታ ላይ አምስት ሆነው ኳርተርባኩ ፊት ይሰለፋሉ፤ ማሊያቸው ላይ ከ50 እስከ 79 ያለ ቁጥር ይለብሳሉ፤ በደንቡ መሠረትም ወደ ፊት የተወረወረ ኳስ መቀበል አይፈቀድላቸውም። አብዛኞቹ ክብደታቸው ከ130 ኪሎ በላይ ነው። ሥራቸው ከፊታቸው የሚመጣውን ተከላካይ በእጃቸውና በደረታቸው ማቆም፣ ወይም ገፍተው ለሯጩ መንገድ መክፈት ነው። ነጥብ አያስቆጥሩም፤ ስማቸው በድምፅ ማጉያ የሚጠራው አብዛኛውን ጊዜ ጥፋት ሠርተው ቡድናቸው ያርድ ሲቀጣ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት ጨዋታ ሳይ እነዚህ አምስት ሰዎች ለእኔ ዝም ብሎ የቆመ አጥር ነበሩ።

በልምምዱ ጥግ ግን አጥሩ እያንዳንዱ ራሱን ወደቻለ ሰው ተለወጠ። በመጀመሪያ የሠሩት ከወገብ ከፍታ ትንሽ በሚበልጥ፣ ከብረት ቧንቧ በተሠራ ጣሪያ ሥር አጎንብሶ መነሣት ነበር፤ ሲነሣ ቀና ያለ ሰው ሄልሜቱ ከብረቱ ጋር ይጋጭና ድምፁ ሜዳውን ሙሉ ይሰማል። ሁለት ሜትር የሚደርስ ቁመትና ያን ሁሉ ክብደት ይዞ በዚያ ጣሪያ ሥር ጀርባን ሳያጎብጡ፣ ጉልበትን አጥፎ፣ ዓይንን ወደ ፊት አድርጎ መውጣት ምን ያህል እንደሚከብድ በሰዎቹ ጭንና ባት ላይ ይነበባል። ቀጥሎ ከባድ የብረት መግፊያ እየገፉ ሜዳውን አቋረጡ፤ አሠልጣኙ በመግፊያው ላይ ቆሟል፤ እነሱ ደግሞ እሱንም ብረቱንም ይገፋሉ። ከሁሉም ይበልጥ ረጅም ጊዜ የወሰደው ግን እርምጃ ነው። ኳሱ በሚነሣበት ቅጽበት የሚወሰደው የመጀመሪያው እርምጃ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም፤ ይሁን እንጂ ያቺ ስንዝር በትክክለኛው አቅጣጫ ካልወደቀች ቀጥሎ የሚመጣው ጉልበት ሁሉ በከንቱ ይባክናል።

ከሦስተኛው ምድብ፣ ማለትም ከዋናዎቹና ከተተኪዎቻቸው ቀጥሎ ከሚመጡት፣ ሰልፍ ውስጥ ያለ አንድ ልጅ ያቺን እርምጃ ይስት ነበር። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፤ ገና ተማሪ ነው፤ ስሙም ከአሰላለፍ ዝርዝሩ ውጭ የትም አልተነገረም። ግራ እግሩን ወደ ጎን ማራመድ ሲገባው ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ረዳት አሠልጣኙ አልጮኸበትም። መጣና አጠገቡ ቁጢጥ አለ፤ እጁን በሣሩ ላይ ዘርግቶ እግሩ የሚያርፍበትን ቦታ አሳየው፤ ልጁ ሲራመድ እጁን ያነሣል፤ ሲመለስ ደግሞ ያስቀምጣል። አሥራ አንድ ጊዜ ቆጠርኩ። በአሥራ አንደኛው አሠልጣኙ ምንም ሳይናገር ተነሥቶ ወደ ሌላው አለፈ፤ ልጁ ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሄደና ተራው እስኪደርስ ድረስ ብቻውን፣ ማንም ሳያየው፣ ያቺኑ እርምጃ ይራመድ ጀመር።

ልጄ ከኳርተርባኮቹ ጥግ ተመልሳ መጣችና፣ «አባዬ፣ ሁሉም ሰው ወዲያ ነው ያለው፤ እዚህ ምን አግኝተህ ነው?» አለችኝ።

«ይኸን ልጅ እስኪ እይው» አልኳት፤ አጠገቤ ቆማ አብራኝ ማየት ጀመረች።

ትንሽ ቆይቶ አንድ ለአንድ የሚገጥሙበት ሰዓት ደረሰ፤ ይህ የልምምድ ክፍል በእኔ ግምት ከሙሉ ጨዋታ የበለጠ እውነት የሚገለጥበት ነው። አንድ ላይንማንና አንድ ተከላካይ ፊት ለፊት ይቆማሉ፤ ከኋላቸው በኳርተርባኩ ምትክ የተቀመጠ ማቆሚያ አለ፤ ተከላካዩ በሦስትና በአራት ሰከንድ ውስጥ እዚያ መድረስ፣ ላይንማኑ ደግሞ ማስቆም አለበት። በጨዋታ ላይ አንድ ሰው ሲሸነፍ ግራና ቀኝ የቆመው ባልደረባው ይሸፍንለታል፤ ኳሱም ወደ ሌላ በኩል ከሄደ መሸነፉን ማንም ላያይ ይችላል። እዚህ ግን ሁለት ሰዎች ብቻ ስለሆኑ መሸሸጊያ የለም። የእኔ ልጅ (እንዲህ ብዬ መጥራት ጀምሬ ነበር) በመጀመሪያው ተሸነፈ፤ ተከላካዩ በውስጥ በኩል ክንዱን አሳልፎ በሁለት ሰከንድ አለፈው። በሁለተኛውም ወደ ኋላ ተገፍቶ በጀርባው ወደቀ። በሦስተኛው ያቺ ስንዝር በቦታዋ ወደቀች፤ እጆቹ የተከላካዩን ደረት ቀድመው ያዙ፤ ሁለቱም እየተንቀጠቀጡ ባሉበት ቆሙ፤ ፊሽካው ተነፋ። ደጋፊው አላጨበጨበም፤ አብዛኛው አላየም። ከመጀመሪያው ምድብ የመሐል ተሰላፊው ግን ከመስመሩ ወጥቶ መጣና የልጁን ሄልሜት በመዳፉ መታ መታ አደረገለት፤ ወዲያውም ወደ ቦታው ተመለሰ።

ስለ ሦስተኛው ምድብ ልጆች ልጄ ብዙ ነገረችኝ፤ ከፊሉን ቀድሞም አውቀው ነበር። የውድድሩ ወራት ሲጀምር ከእነዚህ ብዙዎቹ በጨዋታ ቀን አንድ ደቂቃ እንኳ ሜዳ አይገቡም፤ በሳምንቱ ውስጥ ግን የመጪውን ተጋጣሚ ቡድን መስለው የሚጫወቱት እነሱ ናቸው። አሠልጣኝ የተጋጣሚውን አሰላለፍ በካርቶን ላይ ሥሎ ከፍ አድርጎ ያሳያቸዋል፤ እነሱም የማያውቁትን የሌላ ቡድን ጨዋታ በዚያች ቅጽበት አጥንተው፣ በሙሉ ጉልበታቸው፣ በራሳቸው የመጀመሪያ ምድብ ላይ ይጫወቱታል። ሰኞ የአንዱ ዩኒቨርሲቲ ተከላካይ የነበረው ልጅ በሚቀጥለው ሳምንት የሌላው ይሆናል። ቅዳሜ ቡድኑ ተጋጣሚው የሚያደርገውን ቀድሞ አውቆ ሲገኝ፣ ያወቀው በእነዚህ ልጆች ደረት ላይ ደጋግሞ ስለተለማመደው ነው። ሆኖም ቅዳሜ እነሱ ንጹሕ ማሊያ ለብሰው ከመስመሩ ውጭ ቆመዋል፤ ማሊያው ከጨዋታ በኋላም ንጹሕ ነው።

ከእነርሱም ውስጥ ዎክ ኦን የሚባሉት፣ ማለትም ስኮላርሺፕ ሳይሰጣቸው የትምህርቱን ወጪ ራሳቸው እየቻሉ የሚጫወቱት፣ ለእኔ የተለየ ቦታ አላቸው። የዚህ ቡድን ደጋፊዎች ሁሉ የሚያውቁት አንድ ዎክ ኦን አለ፤ እሱም አንደር አርመር የተባለው የስፖርት ልብስ ኩባንያ መሥራች ኬቨን ፕላንክ ነው። ፕላንክ እዚህ ሲጫወት ከሄልሜቱና ከትከሻ መከላከያው ሥር የሚለብሰው የጥጥ ከነቴራ በልምምድ ላይ በላብ እየራሰ ስለሚከብደው፣ ላብ የማይዝ ጨርቅ መፈለግ ጀመረ፤ በተመረቀበት በ1996 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታትና ቀናት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ኩባንያውን አቋቋመ። ታሪኩ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚወደሰው የንግድ ችሎታው ነው። እኔ ግን በዚያ ጠዋት ያን ሁሉ ላብ ቆሜ ሳይ፣ ያ ሐሳብ ሊመጣ የሚችለው እንደዚህ ባለ ነሐሴ፣ ብዙ ከሚለማመድና ጥቂት ከሚጫወት ሰው እንደሆነ ታየኝ።

አሁን ለእንዲህ ያሉ ልጆች ቦታው እየጠበበ ነው። እስከ 2024 ድረስ በዩኒቨርሲቲ ፉትቦል ከፍተኛ ደረጃ የሚወዳደር አንድ ቡድን ስኮላርሺፕ መስጠት የሚችለው ለ85 ተጫዋቾች ነበር፤ ከዚያ በላይ ያሉትን ግን በዎክ ኦንነት ያሰልፍ ነበር። በ2025 ፍርድ ቤት ያጸደቀው ትልቅ ስምምነት ዩኒቨርሲቲዎች ለተጫዋቾቻቸው በቀጥታ ገንዘብ እንዲከፍሉ ፈቀደ፤ በመጀመሪያው ዓመት ለአንድ ዩኒቨርሲቲ የስፖርት ክፍል የተፈቀደው ጣሪያ 20.5 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። የስኮላርሺፕ ቁጥር ገደቡ ቀርቶ በምትኩ ስምምነቱን በተቀበሉ ዩኒቨርሲቲዎች የቡድኑ ጠቅላላ አባላት ከ105 እንዳይበልጡ ተወሰነ። ዳኛዋ በዚህ ገደብ ምክንያት ለሚቀነሱት ነባር ተጫዋቾች መላ ካልተገኘ ስምምነቱን እንደማያጸድቁ ስላሳወቁ፣ እነዚህ ተጫዋቾች ከገደቡ ውጭ እንዲታዩ ተደረገ፤ ከእነርሱ በኋላ ለሚመጡት ግን በሩ እንደቀድሞው ሰፊ አይደለም። ክፍያውን እደግፋለሁ፤ ስታዲየም የሚሞላው በእነዚህ ልጆች ጉልበት ነውና ከሚገኘው ገንዘብ ሳይካፈሉ መቅረታቸው ዘመን የወለደው በደል ነበር። ነገር ግን ማንም ሳይጠራው መጥቶ፣ ማንም ሳይከፍለው፣ ተጋጣሚን መስሎ የሚጫወት ልጅ የሚቆምበት ጥግ እንዲጠፋ አልፈልግም። የዚህን ኪሣራ መጠን የሚያሳይ የሒሳብ መዝገብ የለም።

ልምምዱ ለአጭር ዕረፍት ሲቆም ከሜዳው አጠገብ ወዳለው ሕንፃ ጥላ ተጠጋን። ይህ ቅስት ጣሪያ ያለው ሕንፃ ቀድሞ ኮል ፊልድ ሀውስ ይባል ነበር፤ በ1966 የቴክሳስ ዌስተርን የቅርጫት ኳስ ቡድን አምስት ጥቁር ተጫዋቾችን በቋሚነት አሰልፎ፣ ሁሉም ነጭ የሆኑበትን የኬንታኪን ቡድን 72 ለ65 አሸንፎ ዋንጫ የወሰደው እዚሁ ጣሪያ ሥር ነው። ዛሬ ውስጡ የፉትቦል መለማመጃ ሜዳ ሆኖ ጆንስ ሂል ሀውስ ይባላል። ሂል የተባለው ዳሪል ሂል ነው፤ በ1963 ለሜሪላንድ ሲሰለፍ ቡድኑ ያኔ በነበረበት የአትላንቲክ ዳርቻ ሊግ ውስጥ ፉትቦል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆነ። ጆንስ ደግሞ በቅርጫት ኳስ ቡድኑ የመጀመሪያው ጥቁር ተጫዋች ቢሊ ጆንስ ነው። የስታዲየም ስም ለከፈለ ድርጅት በሚሰጥበት ዘመን፣ የላብና የድካም ቤት የሆነው ሕንፃ በእነዚህ ሁለት ሰዎች መሰየሙ ልክ ነው እላለሁ።

ጥላው ውስጥ ቆመን ሳለ ልጄ ክንዴን ይዛ ወደ ሜዳው ጠርዝ አመለከተችኝ። ሁለት ትልልቅ ገንዳዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሰው ሙሉ ለሙሉ ሊተኛባቸው ይችላል። ውስጣቸው እስከ አፋቸው ድረስ በረዶና ውሃ ነው። አጠገባቸው ሙቀትንና የአየሩን እርጥበት አንድ ላይ የሚለካ መሣሪያ በሦስት እግር ላይ ቆሟል፤ አንዲት የሕክምና ባለሙያም ቁጥሩን እያየች በየጊዜው ትጽፋለች። ሌሎች ባለሙያዎች ውሃ ይዘው በሰልፉ መካከል ይዘዋወራሉ፤ ተጫዋቹ እስኪጠይቅ አይጠብቁም፤ ጠርሙሱን አፉ ላይ ያደርሱለታል።

እነዚህ ገንዳዎች እዚህ ሜዳ ላይ ምን ማለት እንደሆኑ ለማያውቅ ሰው መናገር አለብኝ። በግንቦት ወር መጨረሻ 2018፣ በ29ኛው ቀን፣ ጆርዳን ማክኔር የተባለ የ19 ዓመት ላይንማን በዚህ ቡድን የሩጫ ልምምድ ላይ ሳለ ሰውነቱ ከልክ በላይ ግሎ ታመመ፤ ሆስፒታል ተወስዶ ከሁለት ሳምንት በኋላ፣ ሰኔ 13 ቀን፣ ሞተ። ከዚያ በኋላ ዩኒቨርሲቲው ያሠራው የገለልተኛ ባለሙያዎች ጥናት የሰውነቱ ሙቀት እንዳልተለካና በበረዶ ውሃ ገንዳ ውስጥ እንዳልተነከረ ገለጸ። የዩኒቨርሲቲው ፕሬዚዳንት በነሐሴ ለሞቱ ሕጋዊና የሞራል ኃላፊነቱን ዩኒቨርሲቲው እንደሚወስድ በይፋ ተናገሩ። ወላጆቹ በስሙ ድርጅት አቋቁመው ለሌሎች ልጆች ደኅንነት መሥራት ጀመሩ፤ በ2021ም የሜሪላንድ ግዛት በስሙ የተሰየመ የተጫዋቾች ደኅንነት ሕግ አወጣ።

ልጄ ያን ጊዜ በዩኒቨርሲቲው ተማሪ ነበረች። ሕመሙ እንዴት እንደሚታከም በክፍሏ የተማረችው ከዚያ ሞት በኋላ ስለነበር ነገሩን በልቧ ይዛዋለች። «መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ከዚያ ወደ ሆስፒታል መውሰድ» አለችኝ፤ ቃሉን እንደ ጸሎት በቃሏ ይዛዋለች። በግማሽ ሰዓት ውስጥ የሰውነቱ ሙቀት ከወረደ ልጁ የመትረፍ ዕድሉ እጅግ ከፍተኛ ነው፤ ለዚህም የሚያስፈልገው ገንዳ፣ ውሃ፣ በረዶ፣ እንዲሁም በጊዜው የሚወስን ሰው ነው። ይህን ስሰማ ከጠዋት ጀምሮ ስለተሰማኝ ጥም አሰብኩ። የእኔ ጥም በፈቃዴ ነው፤ ቅዳሴው አልቆ ጠበሉን ስቀምስ ያበቃል፤ ቢከብደኝም ጥላ ሥር መቀመጥ እችላለሁ፤ ማንም አይከለክለኝም። ቦታውን እንዳያጣ የሚሰጋ ልጅ ግን ደከመኝ ማለት አይችልም፤ ወይም የሚችል አይመስለውም። ስለዚህ ያለ ጥያቄ አፉ ላይ የሚደርሰውን ጠርሙስና የሚጽፈውን እጅ ሳይ ደስ አለኝ፤ ዘግይቶ የመጣ መሆኑን ሳስብ ደግሞ ያ ደስታ ሐዘን ተቀላቀለበት።

በ2018 የውድድሩ የመጀመሪያ ጨዋታ ከቴክሳስ ጋር ነበር፤ እኔና ልጄ ሳሎናችን ውስጥ ሆነን በቴሌቪዥን አየነው። ሜሪላንድ ኳሱን ይዞ ለመጀመሪያው ሙከራ ሲሰለፍ አሥር ሰው ብቻ ወጣ፤ በፊት መስመሩ ላይ የአንዱ ቦታ ባዶ ነበር። ባዶው ቦታ የማክኔር መታሰቢያ ነበር፤ ቁጥሩም 79 ነበር። ሰዓቱ እስኪያልፍ ድረስ ማንም አልተንቀሳቀሰም፤ ዳኛው የመዘግየት ቅጣት ጠቆመ፤ ቴክሳስ ቅጣቱን አልቀበልም አለ። ከዚያ አሥራ አንደኛው ሰው ገባና ጨዋታው ቀጠለ፤ ሜሪላንድም 34 ለ29 አሸነፈ። ዓይኔ ከኳሱ ተነሥቶ ወደ መስመሩ የሄደው በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ያን ዕለት ነው፤ የሄደውም ባዶ ቦታ ለማየት ነበር። ሰው የቆመበትን መስመር አጥር እያልኩ ለዓመታት ካለፍኩ በኋላ፣ ከአጥሩ አንድ እንጨት ሲጎድል ሰው እንደነበረ ገባኝ።

ከዕረፍቱ በኋላ ልምምዱ ወደ ሙሉ ቡድን ተመለሰ፤ አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ፣ ከድምፅ ማጉያ በሚወጣ የሕዝብ ጩኸት ታጅቦ። የጩኸቱ ምክንያት በሌላ ቡድን ስታዲየም የኳርተርባኩ ድምፅ ስለማይሰማ፣ ተጫዋቾቹ በዓይንና በእጅ ምልክት መግባባትን እንዲለምዱ ነው። አሁን አንድ ኳስ ብቻ ነበር፤ እኔ ግን ልከተለው አልቻልኩም፤ ወይም አልፈለግሁም። ኳሱ ከመነሣቱ በፊት የመሐሉ ተሰላፊ አንገቱን ወደ ግራ ሲያዞር፣ ከጎኑ ያለው በክርኑ ነካ ሲያደርገው፣ ሁለቱ አንድን ተከላካይ በትከሻቸው አንሥተው ከገፉት በኋላ አንዱ ተላቅቆ ወደ ቀጣዩ ሲሄድ አየሁ። ይህን ሁሉ ዓመት ይህ በየጨዋታው በፊቴ ይደረግ ነበር። የሦስተኛው ምድብ ተራ ሲደርስ ያ ልጅ በግራ በኩል ቆመ፤ ስምንት ጊዜ ተሰለፈ፤ ስድስቱን ቦታውን ጠበቀ። የጠበቀባቸውን ስድስቱን ከእኔና ከልጄ ሌላ ቆጥሮ የሄደ ደጋፊ እንዳልነበረ እገምታለሁ። አሠልጣኞቹ ግን ማታ በፊልሙ ያዩታል።

የመጨረሻው ጡሩምባ ሲነፋ ተጫዋቾቹ በሜዳው መሐል ተሰበሰቡ፤ ከዚያም ወደ ደጋፊው መስመር መጥተው ለትንንሾቹ ልጆች በኮፍያና በወረቀት ላይ ፈረሙ። ኳርተርባኮቹን ብዙ ሰው ከበባቸው። ያ ልጅ ሄልሜቱን በእጁ አንጠልጥሎ በዳር ሲያልፍ ልጄ ጠራችውና፣ ግራ እግሩን ማስተካከሉን እንዳየን በእንግሊዝኛ ነገረችው። ቆመ፤ በግንባሩ ላይ ላቡ እየወረደ መጀመሪያ እሷን፣ ቀጥሎም እኔን አየ፤ ከዚያ ግራ እግሩን ወደ ጎን አንድ ስንዝር አራመደና እንዲህ ነው ወይ በሚል ዓይን ተመለከተን። እኔ በራሴ ንቅናቄ አዎን አልኩት።

ወደ መኪናው ስንመለስ የሕክምና ክፍሉ ሰዎች ዕቃቸውን እየሰበሰቡ ነበር። መለኪያው ከእግሮቹ ላይ ወርዷል። ሁለት ወጣቶች ገንዳዎቹን በየተራ ይዘው አዘነበሏቸው፤ ጠዋቱን ሙሉ ማንም ሳይገባበት የቆየው በረዶ ከውሃው ጋር በሣሩ ላይ ፈሰሰ፤ የደጋፊዎቹ ትንንሽ ልጆችም ጫማቸውን አውልቀው እየጮኹ ሮጡበት። ልጄ ገንዳዎቹ ባዶ እስኪሆኑ ድረስ ቆማ አየች። ቅዳሴ ሳይገባ ልድረስ ብዬ ስቸኩል የነበርኩት እኔም አጠገቧ ቆምኩ።